አባ ሳሙኤል ግድብና የጋሼ አጣና

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቶቼ ቴሌቪዥን ደጅ አውጥተው፣ ቡና አፍልተው ይከታተሉ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር በተጠራ ቁጥር እልልታው ይቀልጣል። እኔም ከልቤ ደስ ብሎኝ አብሬ አጨበጨብሁ። ነገር ግን ስኒዬን ይዤ እንደተቀመጥሁ ሐሳቤ ወደ ሌላ ግድብ ሄደ። ከሰፈራችን ያን ያህል የማይርቅ፣ በግቢው ከነበሩት ልጆች አንዱም ስሙን የማያውቀው ግድብ ነው። «አባ ሳሙኤልን ታውቃላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ አንደኛው ልጅ «ቤተ ክርስቲያኑን ነው?» አለኝ።

አባ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት አካባቢ የተሠራ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተገንብቶ በ1932 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረ የኤሌክትሪክ ታሪካችን ይነግረናል። አቅሙ ዛሬ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ቁጥር በምጣድ ቢመነዝሩት ይቀልላል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፣ አባ ሳሙኤል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ምጣድ እንኳ አይሞላም። በዘመኑ ግን ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ መሣሪያው አረጀ፣ ጥገናው ተቋረጠ፣ ለአራት አስርት ዓመታት ገደማም ማመንጫው ዝም ብሎ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ ዳግም ሥራ ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያነሣው እድሳቱን ነው። እኔን ግን የሚከነክነኝ በመካከል ያለው የአርባ ዓመት ዝምታ ነው። ተርባይን ሲቆም የሚቋረጠው መብራት ነው እንጂ ውሃው አይደለም። አቃቂ በየክረምቱ ይሞላል፣ ሐይቁም ይሞላል፣ ግንቡም እንደ ትናንቱ ውሃውን በደረቱ ገትሮ ይይዛል። በአሥር ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የግድብ ገጽ አሥር ቶን ይሸከማል። ይህ ሸክም ማመንጫው ገቢ ቢያስገባም ባያስገባም አንድ ኪሎ አይቀንስም። የሚቀንሰው ሌላ ነገር ነው፤ ኃይል የማያመነጭ ግድብ በጀት አይኖረውም፣ በጀት የሌለው ግድብ ደግሞ በየቀኑ ዞሮ የሚያየው ሰው አይኖረውም። ኃይል የሚያመነጨውም ቢሆን ምርቱ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ሲሆን፣ ጥበቃውንና ልኬቱን የሚያህል ገንዘብ ሊያመጣ መቻሉ ያጠራጥራል። የአንድ ግድብ የደኅንነት ወጪ የሚተመነው በሚያመነጨው ኃይል ሳይሆን፣ በያዘው ውሃና ከበታቹ ባለው ሰው ልክ መሆን ነበረበት።

ባለፈው ጥቅምት አጋማሽ ላይ የአክስቴን ባል ለመጠየቅ ወደዚያው ወረድሁ። ጋሼ ከግድቡ በታች፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር በማትሞላ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ያለማሉ። በቤታቸው ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ ከውሃ መሳቢያው ሞተር ጋር ደግሞ በእርግማን ይነጋገራሉ። ምሳ ከበላን በኋላ ወደ ሐይቁ እንድንወጣ ጠየቅኋቸው። «ምን ልታይ ነው? አረንጓዴ ሜዳ ነው እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በደረስንበት ዳር ውሃ አይታይም፤ ሐምራዊ አበባ ያለበት እምቦጭ ከዳር እስከ ሩቅ ተነጥፎ፣ በላዩ ነጫጭ ወፎች እንደ መሬት ይራመዱበታል። በእምቦጩ መካከል የውሃ መያዣ ፕላስቲክ፣ አንድ እግር የነጠላ ጫማ፣ የዘይት ጀሪካን ተሰክቷል። ሁሉም የአዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዱንም ሳየው የኛው ግቢ ዕቃ መሰለኝ።

ጋሼ በመንገድ ላይ የያዙትን የባሕር ዛፍ አጣና ከእምቦጩ መካከል ወደ ታች ሰደዱት። ክንድ ከስንዝር ያህል በውሃው ውስጥ ወረደና ተገታ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተጫኑት፤ አጣናው እንደ ቂቤ ቢላዋ ቀስ እያለ በጥቁሩ ደለል ውስጥ ሌላ ክንድ ተኩል ገባ። ሲያወጡት ከታች ያለው ክፍል ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ፣ የቆዳ ፋብሪካና የመጸዳጃ ጉድጓድ የተደባለቀበት ሽታ ይሸታል። «እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ቦታ እንዋኝ ነበር» አሉ፣ አጣናውን በሣር እየጠረጉ። «አሁን ብትገባ መሬቱ ራሱ ይውጥሃል።»

ደለል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሐይቁን መጥበብ ብቻ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ከአባ ሳሙኤል በታች አዋሽ ላይ ያለው፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው 43.2 ሜጋ ዋቱ የቆቃ ግድብ ከመጀመሪያ የውሃ ማከማቻው ጉልህ ድርሻ ለደለል አስረክቧል። ለደኅንነት ግን ከዚህ የሚብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ደለል ከውሃ የሚከብድ በመሆኑ በግንቡ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከንጹሕ ውሃ ግፊት ይበልጣል። ሁለተኛው የግርጌ ማስወጫው ጉዳይ ነው። ማንኛውም ደኅና ግድብ ከበታቹ፣ ከሐይቁ ወለል አጠገብ፣ ውሃውን አውርዶ ለማስወጣት የሚያገለግል በር ይኖረዋል። ግድቡ ላይ ስንጥቅ ቢታይ፣ ስርገቱ (በግድቡ ውስጥና ከሥሩ ሾልኮ የሚወጣው ውሃ) በድንገት ቢጨምር፣ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚያዘው «ሐይቁን ዝቅ አድርጉ» ብሎ ነው። ይህ በር የተቀመጠው ደግሞ ደለል ቀድሞ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ የግርጌ በር፣ በአደጋ ቀን ይከፈታል ብሎ መተማመን አዳራሽ ሞልቶ የአደጋ ጊዜ መውጫውን በቁልፍ እንደ መቆለፍ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም አሮጌ ግድብ ስሰማ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ያመነጫል?» የሚለው አይደለም፤ «የግርጌ በሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው?» የሚለው ነው።

ስለ እምቦጭ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። አረሙን ለማጥፋት የተደረገውን ዘመቻ ሁሉ ሳስብ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ተረቱን አስቦ ይሁን ወይስ አጋጣሚ ነው እያልሁ እገረማለሁ። አረሙ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ ጣና ዘግይቶ ነው የመጣበት። ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ለእርሱ ማዳበሪያ ነው። ለግድብ ጠባቂ ግን እምቦጭ የሚያሳስበው በውበቱም በዓሣውም ምክንያት አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ ምንጣፉ ተገንጥሎ፣ ፕላስቲኩንና ግንዱን አቅፎ፣ ወደ ማስተንፈሻው አፍ ይሄዳልና ነው።

ማስተንፈሻ የግድብ ሕይወት ነው። ከሐይቁ አቅም በላይ የመጣውን ጎርፍ ግድቡን ሳይጎዳ የሚያሳልፈው እርሱ ነውና፣ አፉ ጠበበ ማለት ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያም መንገድ በግንቡ አናት ላይ ነው። በዓለም ላይ ከደረሱ የግድብ መደርመሶች ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ ይኸው ውሃ በአናት ላይ መፍሰሱ ነው። አሁን የአቃቂን ተፋሰስ አስቡት። ስፋቱ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ስለሆነ፣ በተፋሰሱ ሁሉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግድቡን የነደፉት መሐንዲሶች በእጃቸው የነበረው የዝናብ መዝገብ አጭር፣ ከበላያቸው የነበረችው ከተማም ትንሽ ነበረች። ያኔ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለው መሬት አብዛኛው ሣር፣ እርሻና ባሕር ዛፍ ስለነበር ከሚዘንበው ብዙውን መሬት ይጠጣዋል፤ የቀረውም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ዛሬ ከእንጦጦ የወረደ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት ቦይ ላይ ተንሸራትቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አቃቂ ይደርሳል። ያው ዝናብ ሆኖ ጎርፉ ግን ሌላ ነው። የተነደፈበት ከተማ ከላዩ ላይ የጠፋበት ግድብ፣ ማስተንፈሻው በአዲስ ስሌት መፈተሽ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በትንሹ አቃቂ ራስጌ የገፈርሳ ግድብ አለ፤ በትልቁ አቃቂ በኩል ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ለገዳዲና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጨመረው ድሬ አሉ። ሦስቱም የከተማዋ መጠጥ ውሃ ናቸው፤ ሦስቱም የሚያስተነፍሱት ውሃ በመጨረሻ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ስለዚህ የአባ ሳሙኤል ደኅንነት የአባ ሳሙኤል ብቻ አይደለም። የላይኞቹ በሮች ማታ ሲከፈቱ የታችኛው ጠባቂ ማወቅ አለበት፤ የታችኛው ሲያስተነፍስ ደግሞ ጋሼ ማወቅ አለባቸው።

እድሜ ብቻውን ግድብን አይገድለውም፤ በዚህ አልከራከርም። በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቴተን ግድብ የፈረሰው እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ሳለ ነው። አዲስ ነበር፤ ውሃው በውስጡ ሾልኮ ሆዱን ቦረቦረው። በሌላ በኩል መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ዛሬም በጤና የሚያገለግሉ ግድቦች በብዙ አገር አሉ። ልዩነቱ ክትትሉ ነው። የሊቢያዋ ደርና ከተማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በአንድ ሌሊት የደረሰባትን ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ከከተማዋ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ነበሩ፤ ስንጥቃቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈው ነበር፣ የተጀመረው ጥገናም እ.ኤ.አ. በ2011 ግርግር ተቋርጦ ቀረ። ከዚያ ዳንኤል የተባለው ማዕበል መጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁ በኋላ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቀረቡ። በእኔ እይታ የደርና ታሪክ የሚጀምረው ከማዕበሉ ሌሊት ሳይሆን «ጥገናው ለጊዜው ይቆይ» ከተባለበት ቀን ነው።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ፤ ከዓመታት በፊትም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ግድብ ላይ ለሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። ሥራችን ቀላል ይመስላል። በግድቡ አናት ላይ የተተከሉ የነሐስ ነጥቦች አሉ፤ በየሦስት ወሩ በሌቭልና በቶታል ስቴሽን (በከፍታና በርቀት መለኪያ መሣሪያዎች) እየለካን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰጠሙ፣ ስንት እንደተገፉ እንጽፋለን። ከግድቡ እግር ሥር ደግሞ ስርገቱ የሚሰበሰብበት ትንሽ ቦይ አለ፤ ጫፉ ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው የብረት ሳንቃ ተገጥሞበት፣ ከቅርጹ በላይ ያለውን የውሃ ከፍታ አይቶ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ማወቅ ይቻላል። ማንኛውም ግድብ ይሰርጋል፤ መስረጉ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሐይቁ ሳይጨምር ስርገቱ ከጨመረ፣ ከዚያም በላይ ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ አንድ ቀን ደፍርሶ ከመጣ ነው። ድፍርሱ ግድቡ ከውስጥ እየታጠበ መሆኑን ይናገራል። በዚያ ሥራ ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ የማምነው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። በየማለዳው በብርጭቆ ከቦይዋ ቀድተው ወደ ፀሐይ አንሥተው ያዩታል። «ዛሬም ጠጅ አልሆነም» ይሉናል፣ ይስቃሉ።

የእኛ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ተጠርዞ ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሲያልቅ የፊተኞቹን ቁጥሮች ለማነጻጸር ወደ ቢሮው ብሄድ፣ አምስቱም ጥራዝ ማሸጊያቸው ሳይቀደድ በመሳቢያ ውስጥ አገኘኋቸው። ቁጥሮቹ ደግነቱ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበራቸውም። ቢኖራቸውስ? ያን ዕለት የቢሮውን ሰው ተቆጥቼ ተናግሬው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ሪፖርቱን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ «ይህ ቁጥር ለምን ተለወጠ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ በስሙ የተጻፈበት ሰው በመዋቅሩ ውስጥ አልነበረም።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋግሞ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ዘንድ ተሰምቷል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ መብራታችን ሲወዛወዝ ልጆቼን ይዤ ደረጃ የወረድሁበትን ሌሊት አልረሳውም። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ በዚያው አቅራቢያ ስላለው የከሰም ግድብ ተጨንቆ ጠየቀ፣ ባለሙያዎችም መልስ ሰጡ። ይህ ደስ ያሰኘኝ ልማድ ነው። ስምጥ ሸለቆው ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለችውን የካራ ቆሬ ከተማ ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ አባ ሳሙኤል ሃያ ዓመት የሞላው ግድብ ነበር። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ነጥቦቹን መለካት፣ ስርገቱን መቅዳት፣ በሮቹን መሞከር የትም አገር የተለመደ ሥራ ነው። ውጤቱን በአንድ ገጽ ለአካባቢው ሰው መንገር ግን እኛ ዘንድ ገና አልተለመደም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ አንድ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ የጎመን መደቡን ከነአፈሩ ወሰደባቸው። ሞተሩን ለማዳን በጭቃ ውስጥ ሲጎትቱ ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ ነበር። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፣ እኔን ግን ሳያስቀኝ ነው የመጣ» ይላሉ። በማግስቱ ከዝናቡ ይሁን ከበላይ ከተለቀቀ ውሃ ለማወቅ ያልጠየቁት ሰው የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ ሦስተኛው መራቸው፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኙም። ዝናቡ ብቻውን ያደረገው ሊሆን ይችላል፤ በማንም ላይ መፍረድ አልፈልግም። የሚያበሳጨኝ ግን ሰውየው የራሳቸውን ጎርፍ ምክንያት የሚነግራቸው ማጣታቸው ነው።

የምመኘው ነገር ውድ አይደለም። ግድብ የሚጠብቅ ሰው በሩን ከመክፈቱ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚደውልላቸው የቀበሌና የገበሬ ስልኮች ዝርዝር፣ ለሌሊት የሚሆን ሳይረን፣ ውሃው እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ በቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ በየሰኔ መግቢያ ደግሞ አንድ ልምምድ። ሞባይል በሁሉም ኪስ አለ። ጋሼ ኔትወርክ ሲጠፋባቸው ኮረብታው ላይ ወጥተው የሚደውሉበትን ድንጋይ ሳይቀር ያውቁታል።

ያን ዕለት ከመመለሴ በፊት አጣናውን ላጥነው። በመኪናዬ ውስጥ ካለው ቀይ ቀለም ወስጄ በየሃያ ሴንቲ ሜትሩ ቀለበት ሠራሁበትና፣ ከመደባቸው በላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ካለው አለት ጋር በሽቦ አስረን ተከልነው። ከፍታውን ከቤታቸው ደፍ ጋር በሌቭል አነጻጸርሁት፤ ዘጠነኛው ቀለበት ከተሸፈነ ከብቶቹን የሚያወጡበት ጊዜ ነው፣ አሥራ አንደኛው ከተሸፈነ ሰዎቹን። «ሌሊት ማን ያየዋል?» አሉኝ። ባትሪ ገዛሁላቸው። አሁን በየምሽቱ ይደውሉልኛል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ቁጥሩን ይነግሩኛል፤ ትናንት ሁለት ነበር።